የሴል ሜምብሬን ማሳያ ሥራ፦ ከእንቁላል እስከ እርሾ

መነሻ

ሥራው ንጥረ ነገሮች በሴል ሜምብሬን፣ ማለትም ሴልን በሚከብበው ስስ ሽፋን፣ በኩል እንዴት እንደሚያልፉ የሚያሳዩ ሙከራዎችን ማሰናዳት ነው። ተማሪው በራሱ እጅ ይሠራዋል፤ ውጤቱ በዓይን ይታያል፤ ከውጤቱ ተነስቶም መከራከር ይቻላል። በመጨረሻው ነጥብ ላይ ድርድር የለኝም። የተለመዱት ማሳያዎች ውሃ ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ ፈሳሽ መሄዱን አሳይተው እዚያው ያበቃሉ። ሜምብሬኑ ማንን እንደሚያሳልፍ፣ ማንን እንደሚያግድ፣ በምን እንደሚለይ ሳይነካ ይቀራል። ዋናው ነገር ደግሞ እሱ ነው።

ያለው መሣሪያ፦ እስከ 0.1 ግራም የሚያነብ ሚዛን፣ ቤከሮች፣ መለኪያ ሲሊንደር፣ ቴርሞሜትር፣ 400 ጊዜ የሚያጎላ ማይክሮስኮፕ፣ ምላጭ፣ ወረንጦ፣ የተጣራ ውሃ። የፒኤች ሜትር (አሲድነትን የሚለካ፤ ፒኤች ሲያንስ አሲዱ ይበልጣል) በውሰት ነው። ገንዘብ የሚጠይቁት ዳያሊስስ ቱቦ እና ኒውትራል ሬድ የሚባለው ማቅለሚያ ናቸው፤ ማቅለሚያው ግን በጣም ጥቂት ስለሚበቃ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ከቀረው ብዙው ከወጥ ቤት ይገኛል።

ቅርፊቱ የተነሳለት እንቁላል

እንቁላሉን በኮምጣጤ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። አሴቲክ አሲዱ የቅርፊቱን ካልሲየም ካርቦኔት እያሟሟ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ አረፋው ወዲያው ይታያል። በማግስቱ ኮምጣጤውን መቀየር ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ አሲዱ ይደክማል። የቀረውን ነጭ ዱቄት ከውሃ በታች በጣት ማሸት ይበቃል፤ በብሩሽ ሲታሽ ሽፋኑ ይበሳል።

ሚዛኑ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። የመነሻ ክብደት መወሰድ ያለበት ከኮምጣጤው ከወጣ በኋላ ነው። ኮምጣጤ በአብዛኛው ውሃ ስለሆነ እንቁላሉ ገና እዚያ ሳለ አብጧል፤ በቅርፊቱ የነበረው ክብደትም ጠፍቷል። ከኮምጣጤ በፊት የተመዘነውን ቁጥር መነሻ ያደረገ ሰው ሁለት ለውጦችን ቀላቅሎ ያነባል።

በተጣራ ውሃ ውስጥ ያደረው እንቁላል ተወጥሮ ከበደ። በወፍራም የስኳር ሽሮፕ ውስጥ ያደረው ተጨማድዶ ቀለለ፤ ሽሮፑም እላዩ ላይ ቀጠነ። ከሽሮፑ ወጥቶ ውሃ ውስጥ የገባው ደግሞ ተመልሶ አበጠ። ተማሪ ይህን ሲያይ ይደነቃል፣ መደነቁም ይገባል።

ሆኖም ይህ የሴል ሜምብሬን አይደለም። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ሽፋን ከፕሮቲን ክሮች የተጠላለፈ ሁለት ንብርብር ነው። የሴል ሜምብሬን ግን ከፎስፎሊፒድ (የሊፒድ፣ ማለትም የቅባት ዓይነት) የተሠራ፣ ውፍረቱ ከ5 እስከ 10 ናኖሜትር የሚገመት፣ በማይክሮስኮፔ ለብቻው ሊታይ የማይችል ነገር ነው። ስለዚህ እንቁላሉን ለመግቢያ አስቀረሁት፣ "ሴል" ብሎ መጥራት ግን ከተማሪው መመሪያ ላይ ተሰርዟል። ጥሬ እንቁላል ከነካ በኋላ እጅ በሳሙና መታጠብ አለበት፤ ይህ በመመሪያው ላይ በትልቁ ተጽፏል።

ዳያሊስስ ቱቦ

ቱቦው ከሴሉሎስ የተሠራ ነው። ያገኘሁት ዓይነት ከ12,000 እስከ 14,000 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ድረስ ያሳልፋል የሚል ነው። ውስጡ የስታርችና የግሉኮስ ቅልቅል፣ ውጭው አዮዲን ያለበት ውሃ። ስታርች ግዙፍ ስለሆነ አይወጣም፤ አዮዲኑ ይገባና ውስጡን ጥቁር ሰማያዊ ያደርገዋል፤ ግሉኮስ 180 ብቻ ስለሆነ ይወጣል፤ መውጣቱን የግሉኮስ መለኪያ ስትሪፕ ያሳያል።

የሚያስቸግረው ቋጠሮው ነው። በክር የታሰረው ጫፍ ያንጠባጥባል፤ ሲያንጠባጥብ የውጩ ውሃም ይጠቁራል፣ ሙከራውም ስታርች አለፈ ብሎ ይዋሻል። ቱቦውን ካለሰለሱ በኋላ ጫፉን አጥፎ ሁለት ጊዜ ማሰር ይሻላል። ከሞሉ በኋላ ደግሞ የውጩን ገጽ በውሃ ማጠብ ግድ ነው፤ በአፉ ዙሪያ የፈሰሰች አንዲት የስታርች ጠብታ ውጤቱን ታበላሻለች። ግማሽ ያህሉን ባዶ መተው ጥሩ ነው፤ ውሃ ስለሚገባ ይወጠራል።

ሥራው ከተስተካከለ በኋላ ማሳያው ያለ ችግር ይሄዳል። ያሳሰበኝ ትርጉሙ ነው። ቱቦው ወንፊት ነው፦ ከቀዳዳው ያነሰ ያልፋል፣ የበለጠ ይቀራል። ይህን ያየ ተማሪ የሴል ሜምብሬንም ወንፊት ነው ብሎ ይሄዳል። በአዮዲን ፈሳሽ ውስጥ ያለው ዋናው ቅንጣት ሦስት የአዮዲን አተሞች የያዘ፣ ክብደቱ 381 የሆነ፣ ኤሌክትሪክ ሙል ያለው አዮን ነው። ቱቦው ምንም ሳያንገራግር አሳለፈው። በሴል ሜምብሬን የሊፒድ ክፍል ግን የሶዲየም አዮን እንኳ፣ በ23 ክብደቱ፣ በራሱ አያልፍም ማለት ይቻላል። በሰው ሠራሽ የሊፒድ ሽፋን ላይ ሲለካ ውሃ ከሶዲየም ወይም ከፖታሲየም አዮን በቢሊዮን ጊዜ ያህል የበለጠ ያልፋል። በመጠን ብቻ የሚገለጽ ልዩነት አይደለም።

ቱቦውን መጣል ግን አልፈለግሁም። ቶማስ ግሬሃም በ1861 ዳያሊስስ የሚለውን ስም ሲያወጣ የለየው በእንዲህ ያለ ሽፋን ነበር፤ የኩላሊት እጥበት ማሽንም በዚሁ መርህ ይሠራል። ቦታው ይቀየራል፦ ከሽንኩርቱ በኋላ ይመጣል፣ የሴሉ ማወዳደሪያ ሆኖ።

ድንች

እዚህ ሕያው ሴል ገባ። ድንቹን በቡሽ መብሻ ቱቦ እየበሳሁ እኩል ርዝመት ባላቸው ዘንጎች ቆረጥኩ። ልጣጭ ያለበት ጫፍ መቆረጥ አለበት፤ ልጣጩ ውሃ አያሳልፍም።

የስኳር ፈሳሹ ዝግጅት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 1 ሞላር ሱክሮስ ማለት 342 ግራም ስኳር በ1 ሊትር ፈሳሽ ውስጥ ማለት ነው፤ በ1 ሊትር ውሃ ላይ ማለት አይደለም። በ1 ሊትር ውሃ ላይ 342 ግራም ሲጨመር ጠቅላላው ከ1.2 ሊትር ያልፋል፣ ፈሳሹም ከ0.85 ሞላር በታች ይሆናል። በትንሽ ውሃ ማሟሟት፣ ከዚያ እስከ 1 ሊትር ምልክቱ ድረስ መሙላት። ከዚህ ዋና ፈሳሽ በማቅጠን 0.8፣ 0.6፣ 0.4፣ 0.2 ይገኛል፤ አንደኛው ብርጭቆ ንጹህ ውሃ ብቻ።

ዘንጎቹን በየፈሳሹ አቆይቼ የክብደት ለውጣቸውን ስስል መጀመሪያ የመጣው ግራፍ ተበታትኖ ነበር። ምክንያቱ መጥረጉ ሆኖ ተገኘ። አንዱን ዘንግ ጠበቅ አድርጎ፣ ሌላውን ለስለስ አድርጎ መጥረግ ብቻ የአንድና የሁለት በመቶ ልዩነት ያመጣል። አሁን ያለው ደንብ፦ እያንዳንዱን በማጣሪያ ወረቀት ላይ አንድ ዙር ማንከባለል፣ ሳይጫኑ፣ ከዚያ ወዲያው መመዘን። ይህ ከተደረገ በኋላ ነጥቦቹ ተሰበሰቡ።

ንጹህ ውሃ ውስጥ የነበሩት ከበዱ፣ ሲታጠፉም ቀጭ ብለው ይሰበራሉ። 1 ሞላር ውስጥ የነበሩት ከክብደታቸው ሩብ ያህል አጥተው እንደ ጎማ ይታጠፋሉ። መስመሩ ዜሮን የሚቆርጠው 0.3 ሞላር አካባቢ ነው። ለድንች የተለመደው ይህ ነው፤ ብዙ የተቀመጠ ድንች ስታርቹ በከፊል ወደ ስኳር ስለሚቀየር ከፍ ሊል ይችላል።

ቁጥሩን ወደ ግፊት መቀየር ተማሪን ያነቃል። ፋንት ሆፍ ያወጣው ቀመር እንደሚለው በ20 ዲግሪ ላይ 1 ሞላር የሟሟ ቅንጣት 24 አትሞስፌር ያህል ኦስሞቲክ ግፊት (ውሃን ወደ ራሱ የሚስብበት ግፊት) አለው። 0.3 ሲሆን ከ7 አትሞስፌር በላይ ነው። ይህን የሚችለው የሴሉ ግድግዳ ነው፤ ሜምብሬኑ ብቻውን ቢሆን ይፈነዳል። ፋንት ሆፍ በ1901 የመጀመሪያውን የኬሚስትሪ ኖቤል ያገኘው በዚህና በኬሚካዊ ዳይናሚክስ ሥራው ነው።

ከዚያ ጨው ሞከርኩ። 0.15 ሞላር የገበታ ጨው ከ0.3 ሞላር ሱክሮስ ጋር ተቀራራቢ ውጤት ሰጠ፤ ጨው ውሃ ውስጥ ሶዲየምና ክሎራይድ ሆኖ ስለሚለያይ ቅንጣቱ እጥፍ ነው። ውሃው የሚቆጥረው ቅንጣትን እንጂ ግራምን አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማድረጊያ አላገኘሁም። 0.3 ሞላር ሱክሮስ ከ100 ግራም በላይ ስኳር በሊትር ነው፤ 0.15 ሞላር ጨው 9 ግራም እንኳ አይሞላም። ሁለቱን በሚዛን ላይ ጎን ለጎን ማሳየት አለብኝ።

ቀይ ሽንኩርት በማይክሮስኮፕ ሥር

የሥራው እምብርት ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜም የወሰደው ይኸው ነው።

ከቀይ ሽንኩርት ሥጋማ ቅጠል በውጭ በኩል ያለው ቀይ ስስ ሽፋን ይላጣል። ቀለሙ ያለው ቫኪዩል (በሴሉ ውስጥ ያለ፣ በራሱ ሜምብሬን የተከበበ የፈሳሽ ከረጢት) ውስጥ ስለሆነ ተጨማሪ ማቅለሚያ አያስፈልግም። አላላጡ ላይ ዘዴ አለ፦ በምላጭ ትንሽ አራት ማዕዘን መስመር መሥራት፣ ከዚያ አንዱን ጥግ በወረንጦ ይዞ ወደ ጎን መሳብ። ወደ ላይ ሲሳብ ወፍራም ሥጋ ይዞ ይመጣል፣ ሴሎቹም ተደራርበው አይለዩም። ከተላጠ በኋላ ወዲያው ውሃ ጠብታ ላይ መጣል፤ ከደረቀ ሞቷል።

1 ሞላር ሱክሮስ፦ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቀዩ ክፍል ከግድግዳው እየተላቀቀ ተሰበሰበ፣ ቀለሙም ጠቆረ። ፕላስሞሊሲስ ማለት ይህ ነው። ከከቨር ስሊፑ (ናሙናውን ከሚሸፍነው ስስ መስታወት) በአንዱ ጎን ውሃ አጠባጥቦ በሌላው ጎን በማጣሪያ ወረቀት ሲሳብ ሴሎቹ ተመልሰው ሞሉ። ስለዚህ አልሞቱም።

እዚህ ላይ ማቆም የተለመደ ነው። እኔ የቀጠልኩት በአራት ፈሳሾች ነው፤ አራቱም የቅንጣት ብዛታቸው ተቀራራቢ ነው፦ 1 ሞላር ሱክሮስ፣ 0.5 ሞላር ጨው፣ 1 ሞላር ግሊሰሪን፣ 1 ሞላር ኤታኖል። በቅንጣት ቆጠራ ብቻ ቢሆን አራቱም ተመሳሳይ ፕላስሞሊሲስ ማምጣት ነበረባቸው።

ሱክሮስ ሴሉን አሰባሰበው፣ እንደተሰበሰበም ቆየ። ጨውም አሰባሰበው፣ ቆየ። ግሊሰሪን አሰባሰበው፣ ከዚያ ሴሎቹ እዚያው ግሊሰሪን ውስጥ እያሉ፣ ማንም ውሃ ሳይጨምርላቸው፣ ቀስ በቀስ ተመልሰው ሞሉ። ኤታኖል ግን ምንም አላሰባሰበም፤ ሴሎቹ ውሃ ውስጥ ያሉ ይመስላሉ።

ትርጉሙን ማብራራት ከቻልኩ ሥራው ተሳክቷል። ኤታኖል ክብደቱ 46፣ ሙል የለውም፣ ከሊፒድ ጋርም ይስማማል። በፍጥነት ስለሚገባ በውጭና በውስጥ ልዩነት አይፈጠርም፤ ልዩነት ከሌለ ውሃ አይወጣም። ግሊሰሪን ክብደቱ 92፤ ሙል ባይኖረውም ሦስት የሃይድሮክሲል ቡድኖች ስላሉት ውሃን አጥብቆ ይወድዳል፤ ስለዚህ ይገባል፣ ግን በዝግታ። መጀመሪያ ውሃው ቀድሞ ይወጣል፤ ቆይቶ ግሊሰሪኑ ሲገባ ውሃው ተከትሎት ይመለሳል። ሱክሮስ ትልቅም ነው፣ ውሃ ወዳድም ነው፤ ይቀራል። ጨው ደግሞ የወንፊቱን ሐሳብ የሚያፈርሰው ነው፦ ሶዲየም 23፣ ክሎራይድ 35.5፣ ሁለቱም ከግሊሰሪን ያነሱ ሆነው በጊዜው ውስጥ አልገቡም። ያገዳቸው ሙላቸው ነው።

ኧርነስት ኦቨርተን በ1890ዎቹ ዙሪክ ውስጥ በሕያው ሴሎች ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ንጥረ ነገሮችን በዚህ መንገድ እየሞከረ ነው በዘይት የሚሟሟ ነገር በቀላሉ እንደሚገባ የደረሰበት፤ የሴሉ ወሰን የሊፒድ ባሕርይ እንዳለውም ከዚያ ገመተ። ማንም ሜምብሬንን በዓይኑ ባላየበት ዘመን። ጎርተርና ግሬንደል በ1925 ከቀይ የደም ሴሎች ሊፒዱን አውጥተው ሁለት ንብርብር መሆኑን ሐሳብ አቀረቡ። ከኦቨርተን ዘዴ ዋናው ክፍል ዛሬም በሽንኩርትና በማይክሮስኮፕ ሊደገም መቻሉ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

የአሠራር ማስታወሻዎች። ስላይዱ ሳይሸፈን ከቆየ ውሃው ይተናል፣ ፈሳሹ ይወፍራል፣ የግሊሰሪኑ ውጤት ይጠፋል። የከቨር ስሊፑን ዳር በቫዝሊን መዝጋት፣ ወይም ሽፋኑን ክዳን ባለው ትንሽ ሳህን ውስጥ በብዙ ፈሳሽ ማቆየትና እየወሰዱ ማየት። ሁለተኛው ይሻላል። ግሊሰሪን በሲሊንደር ሲለካ ግማሹ ግድግዳው ላይ ይቀራል፤ በሚዛን መለካት። ኤታኖሉ ቤንዚን ወይም ማቅለሚያ የተቀላቀለበት የማቃጠያ አልኮል መሆን የለበትም፤ አጠገቡም እሳት አይኑር። ከእያንዳንዱ ፈሳሽ በኋላ ሴሎቹን ወደ 1 ሞላር ሱክሮስ ማዛወር ያስፈልጋል፦ ከተሰበሰቡ ሜምብሬናቸው ደህና ነው፤ ካልተሰበሰቡ ሞተው ነበር ማለት ነው። ያለዚህ ማረጋገጫ የኤታኖሉ ውጤት ዋጋ የለውም፤ የሞተ ሴልም አይሰበሰብምና።

የውሃው ጥያቄ ከዚህ ተነሳ፦ ውሃ ራሱ ሊፒድ የማይወድድ ከሆነ እንዴት እንዲህ በፍጥነት ያልፋል? ትንሽ ስለሆነና ሙል ስለሌለው በሊፒዱ በኩል የተወሰነ ያልፋል። ከዚያ በላይ ግን አኳፖሪን የሚባሉ የፕሮቲን ቻናሎች አሉ፤ ፒተር አግሬ በ1992 ሥራቸውን አሳየ፣ በ2003ም ከሮድሪክ ማኪነን ጋር ኖቤል ተካፈለ። አንዱ ቻናል በሴኮንድ በቢሊዮን የሚቆጠሩ የውሃ ሞለኪውሎች ያሳልፋል። ይህን በእኔ መሣሪያ ማሳየት አይቻልም፤ በቃል ብቻ ይነገራል።

እርሾ እና ኒውትራል ሬድ

የኤሌክትሪክ ሙል ጉዳይ በሌላ መንገድ እንዲታይ ፈለግሁ። ኒውትራል ሬድ ከፒኤች 6.8 በታች ቀይ፣ ከ8 በላይ ቢጫ ነው። እርሾ በቀጭን የሶዲየም ካርቦኔት ፈሳሽ ውስጥ በጥብጬ ጥቂት ማቅለሚያ ጨመርኩ። ውጩ ቤዝ ስለሆነ ማቅለሚያው እዚያ ሙል የለውም፤ ሙል ስለሌለው ይገባል፤ ውስጡ አሲዳማ ስለሆነ ፕሮቶን (የሃይድሮጅን አዮን) ይይዝና ሙል ያወጣል፤ ከዚያ መውጣት አይችልም። ቢጫው ብጥብጥ ወደ ቀይ ሄደ። የፈላው እርሾ ግን ቢጫ ሆኖ ቀረ።

ቀዩን ብጥብጥ ለሁለት ከፈልኩት። በአንዱ ቀጭን ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ በሌላው ቀጭን አሞኒያ። ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ ይበልጥ ኃይለኛ ቤዝ ሆኖ ሳለ ቀዩ አልተለወጠም፤ አሞኒያው ወዲያው ወደ ቢጫ ለወጠው። ሃይድሮክሳይድ አዮን ሙል ስላለው ውጭ ይቀራል። አሞኒያ ግን ሙል በሌለው መልኩ ገብቶ ውስጡን ቤዝ ያደርገዋል። ሁለቱን ቱቦዎች ከብርሃን ፊት ጎን ለጎን ይዞ ማየት ከገጽ ሙሉ ማብራሪያ ይበልጣል።

የደረቅ እርሾ ብጥብጥ መጀመሪያ ከተጣራ ለቀለሙ ይበጃል፤ ጓል ያለበት ብጥብጥ ቀለሙን ያደበዝዛል። ማቅለሚያው ሲበዛ ውጩም ስለሚቀላ ልዩነቱ ይጠፋል። ጠብታ በጠብታ። መነጽርና ጓንት ግዴታ ነው፤ አሞኒያው መስኮት በተከፈተበት።

ቀይ ሥር

ይህ ሜምብሬን ሲበላሽ ምን እንደሚሆን ለማሳየት ነው፤ አጭር ነው። የቀይ ሥር ቀለም ቫኪዩል ውስጥ ስለሆነ ለመውጣት ሁለት ሜምብሬን ማለፍ አለበት፤ ጤነኛ ሴል ውስጥ አይወጣም። የተቆረጡት ክቦች ውሃው ጠርቶ እስኪቀር በደንብ መታጠብ አለባቸው፤ በምላጩ የተቆረጡ ሴሎች የለቀቁት ቀለም ካልታጠበ ሁሉም ቱቦ ቀይ ይሆናል።

30 እና 40 ዲግሪ ላይ ውሃው ጥርት ብሎ ቀረ ማለት ይቻላል። ከ50 ወደ 60 ሲሄድ ቀለሙ በድንገት ጎረፈ፤ ሊፒዱ ላላ፣ የሜምብሬኑ ፕሮቲኖችም ቅርጻቸውን አጡ። በረዶ ሆኖ የቀለጠውም ቀለሙን ለቀቀ፤ የበረዶው ክሪስታል ሜምብሬኑን ቀዶታል። ግማሽ በግማሽ አልኮል ውስጥም እንዲሁ።

አልኮሉ ከሽንኩርቱ ሙከራ ጋር መነበብ አለበት። 1 ሞላር ኤታኖል፣ በይዘት 6 በመቶ ገደማ፣ ሜምብሬኑን ሳያፈርስ አልፎ ነበር፤ 50 በመቶ ሲሆን ያፈርሰዋል። ማለፍና ማፍረስ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ተማሪዎች እንዳይቀላቅሏቸው ሁለቱን በአንድ ቀን ማሳየት አለብኝ።

ቀለሙን የሚለካ መሣሪያ ስለሌለ ከፈላው ቱቦ ፈሳሽ ወስጄ በግማሽ፣ በሩብ፣ በስምንተኛ እያቀጠንኩ የማወዳደሪያ ተርታ ሠራሁ። እያንዳንዱ ናሙና ከየትኛው ጋር እንደሚመሳሰል በነጭ ወረቀት ላይ ይወሰናል። ለግራፍ ይበቃል።

ፓምፕ

እስካሁን ያለው ሁሉ ከብዙ ወደ ጥቂት የሚሄድ ነው። ሴል ግን በተቃራኒው ይሠራል፤ ጉልበት እያወጣ። የእንስሳ ሴል ፓምፕ በእያንዳንዱ ኤቲፒ (ለሴሉ ጉልበት የሚሰጥ ሞለኪውል) ሦስት ሶዲየም ያስወጣል፣ ሁለት ፖታሲየም ያስገባል፤ ይህን ኢንዛይም የንስ ስኮው በ1957 ከሸርጣን ነርቭ አግኝቶ በ1997 ኖቤል ተሸለመበት። ይህ በሌለበት የማሳያ ስብስብ ሕይወት ጎድሎታል ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ በቀላሉ የሚታይ ፓምፕ መፈለግ ነበረብኝ።

የተገኘው እርሾ ውስጥ ነው። እርሾ በኤቲፒ ፕሮቶን ወደ ውጭ ይገፋል። ስለዚህ ስኳር ሲሰጠው የዙሪያው ውሃ አሲድ መሆን አለበት፤ ይህን ደግሞ ፒኤች ሜትር ያነባል።

የመጀመሪያው ዝግጅት ሜትሩን አላንቀሳቀሰውም። ውሃው የቧንቧ ነበር፤ በውስጡ ያለው ባይካርቦኔት የሚወጣውን ፕሮቶን ይውጠዋል። በተጣራ ውሃ ሲተካ ተንቀሳቀሰ። ቀጥሎ ሌላ ጣጣ መጣ፦ ስኳር ሳይጨመርም ፒኤቹ ይወርዳል። እርሾ ትሬሃሎስ የሚባል ስኳር በውስጡ ያከማቻል፤ እሱን እያቃጠለ ነው። መፍትሔው እርሾውን አጥቦ ስኳር በሌለበት ውሃ ውስጥ ማስራብ ነው። ሴንትሪፉጅ ስለሌለ ፍሪጅ ውስጥ እንዲዘቅጥ አሳድሬ የላዩን ውሃ ደፍቼ በአዲስ እተካለሁ፤ ይህንኑ እደግመዋለሁ። ከሞቱ ሴሎች የወጣው ነገርም አብሮ ይታጠባል።

እንዲህ ከተዘጋጀ በኋላ ንባቡ 6 አካባቢ ጸንቶ ቆመ። ግሉኮስ ሲጨመር ወዲያው መውረድ ጀመረ፣ ከ4.5 በታችም ደረሰ። ፒኤች በአንድ ሲወርድ ፕሮቶን በ10 እጥፍ ይጨምራል። የእርሾው ውስጥ ከ6 እስከ 7 ስለሆነ ሴሉ ፕሮቶን የሚገፋው ብዙ ወዳለበት ወገን ነው። የፈላው እርሾ ግሉኮስ ቢሰጠውም ንባቡ አልወረደም።

ትክክለኛ ተቃውሞ አለ፦ እርሾ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፣ እሱም ውሃን አሲድ ያደርጋል። ስለዚህ በዓሣ ገንዳ የአየር ፓምፕ አየር እየነፋሁ ጋዙን አባረርኩ። አሲዱ ከጋዙ ብቻ ቢሆን ኖሮ ንባቡ ወደ 5.6 አካባቢ መመለስ ነበረበት፣ ከአየር ጋር የተስማማ ንጹህ ውሃ እዚያ ላይ ነውና። በጥቂቱ ከፍ ብሎ እዚያው ታች ቀረ።

ከዚያ ጥቂት ፖታሲየም ክሎራይድ ጨመርኩ። ንባቡ እንደገና ወረደ። ፕሮቶን ሲወጣ ውስጡ በኔጌቲቭ ሙል ይሞላና ፓምፑን ይይዘዋል፤ ፖታሲየም ሲገባ የኤሌክትሪክ ሙሉን ያመጣጥናል፣ ፓምፑም ይቀጥላል። ሊፒዱ ያገደውን አዮን ፕሮቲኑ ሲያስገባ በቁጥር ማየት የቻልኩት እዚህ ነው።

ከዚህ ጋር የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ፈሳሽ በመመሪያው ላይ ይገባል። የአንጀት ሴል ግሉኮስን የሚያስገባው ከሶዲየም ጋር አጣምሮ ነው፤ ሮበርት ክሬን ሐሳቡን በ1960 ፕራግ ላይ አቀረበ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2002 ጀምሮ የሚመክረው ቅንብር በሊትር 75 ሚሊሞል ሶዲየምና 75 ሚሊሞል ግሉኮስ ይዟል፣ ጠቅላላው የሟሟ ቅንጣት 245 ሚሊኦስሞል (የቅንጣት ብዛት መለኪያ) ነው። ሁለቱ አብረው ሲገቡ ውሃው ይከተላቸዋል። ጠቅላላው ዝቅ እንዲል የተደረገውም በድንቹ ላይ በታየው ምክንያት ነው፦ ከመጠን በላይ ስኳር ያለበት ፈሳሽ ውሃን ከሰውነት ወደ አንጀት ይስባል፣ ተቅማጡንም ያብሳል። በቤት ውስጥ ስኳር ጨምሮ ማጣፈጥ ለምን እንደሚጎዳ ተማሪው ከራሱ ግራፍ ሊያስረዳ ይችላል።

የቀረ ሥራ፦ በፖታሲየም ክሎራይዱ ፋንታ በሞል እኩል የሆነ ሶዲየም ክሎራይድ ጨምሮ ማየት፤ እርሾ ከሶዲየም ይልቅ ፖታሲየምን ስለሚመርጥ መውረዱ ማነስ አለበት። ከእያንዳንዱ ንባብ በኋላ የሜትሩን ጫፍ በተጣራ ውሃ ማጠብ፣ የእርሾ ዝቃጭ ሲጋገርበት ንባቡ ይዘገያልና። ከመጀመሩ በፊት በፒኤች 4 እና 7 ባፈር (ፒኤቹ የታወቀ ፈሳሽ) ማስተካከል። የኒውትራል ሬዱ ጠርሙስ ከብርሃን ይራቅ።